ቴስታታውን ከማስወረድህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አሮጌዋ ኮሮላህ በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል የራዲያተር ውሃ ትጨርሳለች፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ሙቀቷ ይነሳል። መካኒኩ ደግሞ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ» ብሎሃል። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። አብሽር፣ ለማውረድ አትቸኩል።

እኔ ቸኩዬ ተቃጥያለሁ። የኔዋም ከኮምቦልቻ ደሴ ስትመላለስ እንዲሁ ትጠማ ነበር። አንድ ጋራዥ ቴስታታውን አወረደው፣ ቶርኖ ቤት ተላከ፣ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ ኪሴ ተራቆተ። በአራተኛው ቀን ውሃው ያው ጎደለ። በኋላ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ። «ማታ አቁማት፤ ጠዋት እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት» አሉኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። የደሴን ብርድ ታውቀዋለህ። ኮፋኖውን ከፍተው፣ ባትሪ አብርተው፣ የላይኛውን የራዲያተር የውሃ ቱቦ ጎማ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ጎማውን የሚያስረው የብረት ቀለበት፣ ፋሸታው፣ ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ከሥሯ የሸረሪት ክር የመሰለ ነጭ መስመር ሞተሩ ላይ ወርዷል። ውሃው እየደረቀ የተወው ጨው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲቀዘቅዝ ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ ብረቱም ይኮማተራል፤ ያኔ ያንጠባጥባል። ሲሞቅ ወይ ራሱ ይገጥማል፣ ወይ የወጣው ውሃ ትኩስ ሞተር ላይ ተንኖ ይጠፋል። መሬት ላይ የማታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ጠዋት ነው፣ ሞተር ሳይነሳ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ የራዲያተር ክዳኑ ነው። ሰው ይንቀዋል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግን ዳገት ላይ ውሃው ፈልቶ በትንሿ ቱቦ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይቀራል። የኔ ክዳን ጎማው እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈርፍሮ ነበር። ስትገዛ ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ከድሮው ጋር አስተያይ፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ነው። ደግሞ ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን እንዳትከፍት፤ ፊትህን ይልጠዋል።

ሁለቱ ደህና ከሆኑ ውሃውን የሚያዞረውን ፖምፓ እይ። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ እዚያ እርጥበት ካለ ወይም ፑሊው (መዘውሩ) ሲነቀነቅ ከተንገዳገደ ፖምፓው ይቀየር። ከጋቢናው ጣፋጭ ሽታ ከመጣ፣ ወይም ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰ፣ የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ናት።

ጓርኒሲዮን የምትለው ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ሲመጣ፣ ዘይቱ ወተት ሲመስል፣ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ሲበዛ ነው። የጠዋቱን ትንሽ ጭስ ተወው፤ ደሴ ላይ የማታጨስ መኪና የለችም። ብቻ አረፋ ካየህ መካኒክህ ልክ ሊሆን ይችላል።

የኔ ጥገና የ20 ደቂቃ ሥራ ሆነ። ጎማው ረዘም ይል ስለነበር የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ያህል ቆርጠን፣ የሚገባበትን ብረት በሸካራ ወረቀት ፈግፍገን፣ አዲስ ፋሸታ አሰርን። ያንተ ጎማ ሲጨመቅ የሚንቋቋ ከሆነ ግን መቁረጡን ትተህ ቀይረው። ፋሸታውንም እስኪጮህ አታጥብቀው፣ ጎማውን ይበላዋል። እንቁላል ሰብሮ የሚጨምር አለ። ቀዳዳውን ሳይሆን ራዲያተሩን ይደፍንልሃል።

ከቦርከና ወንዝ በጀሪካን የቀዳኸውን ውሃም ተው፤ ዝገቱና ጨው የሚመጣው ከዚያ ነው። ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተጣራ ውሃ እኩል በኩል ቀላቅል። የተጣራውን ውሃ ባትሪ ሻጭ ጋ ስትጠይቅ የባትሪውን አሲድ እንዳይሰጥህ ብቻ። ስትሞላ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገህ አቁማት፤ ደሴ ውስጥ ዳገት አታጣም። ማሞቂያውን ክፈት፣ ክዳኑን ሳትገጥም ሞተሩን አስነሳ፣ አየሩ ተንፍሶ እስኪያልቅ ጨምር።

በመጨረሻ ያንን ነጭ መስመር በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ አጥፋው። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርደህ ተመለስ። በማግስቱ ጠዋት መስመሩ ካልተመለሰ ጨርሰሃል።