አልዩ አምባን ማየት ድካሙን ይክሳልን?

ጥያቄ፦ ከቤተሰቤ ጋር አንኮበርን ልጎበኝ አስቤአለሁ። ቁልቁል ወርዶ አልዩ አምባን ማየት ድካሙን ይክሳልን?
(አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በሚገባ ይክሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በዛሬዋ ጅቡቲ ካለችው የወደብ ከተማ ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ የሚያቋርጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከሸዋ ደገኞች ጋር የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ይህች ትንሽ ከተማ ነበረች። አሞሌ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ተሸጦባታል፤ ሰውም እንደ ዕቃ መሸጡ ሊዘነጋ አይገባም። ከአንኮበር ግርጌ፣ ወደ አዋሽ በሚወርዱት ወንዞች ሸለቆ አናት ላይ ስለምትገኝ፣ የደጋው ብርድ በአንድ ቁልቁለት ወደ ቆላ ሙቀት ሲለወጥ ይሰማዎታል። በእኛ እምነት ውበቷ ያለው በሕዝቧ ነው፤ አርጎባውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለዘመናት ተገበያይተው ኖረዋል። ስለዚህ የሚሄዱት በገበያ ቀን ይሁን፤ የደጋው ገብስና የቆላው ማሽላ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ያገኙታል። ዳገቱ ስለሚከብድ፣ ልጆች ካሉ በበጋ ወራት፣ በማለዳ ይውረዱ።