ለገና ዛፍ ጌጥ ከመግዛትሽ በፊት ሰልባጅ ተራ ግቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እንደምትኖሪ፣ ሰው ሠራሽ የገና ዛፍ ከዘመድ እንዳገኘሽ፣ ጌጡ ግን ኪስሽን እንደፈተነው ጽፈሻል። «በእጅ በተሠራና ከሰልባጅ በተገኘ ነገር ባስጌጠው የድህነት አይመስልብኝም ወይ? ልጆቼስ እንግዳ ሲመጣ አያፍሩም ወይ?» ብለሻል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፣ ቤቴ ከዚራ ሰፈር ነው። ለብዙ ገና የቤቴን ዛፍ እንዲሁ ሳስጌጥ ስለኖርኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አይመስልም። ይህን በልበ ሙሉነት ነው የምልሽ። ልማዱ በመጣበት በአውሮፓም ቢሆን ጌጡ መጀመሪያ ከቤት የሚወጣ ነገር ነበር። በ1605 እ.ኤ.አ. ስለ ስትራስቡርግ የተጻፈ ማስታወሻ ሰዎች ዛፉ ላይ የወረቀት ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ቂጣና ጣፋጭ ይሰቅሉ እንደነበር ይናገራል። የመስታወቱ ኳስ በየቤቱ የተስፋፋው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ላውሻ በምትባል የጀርመን ከተማ መስታወት የሚነፉ ቤተሰቦች ሠርተው ይሸጡት ነበር። እሱም ቢሆን የእጅ ሥራ ነው።

ዛፍ የሚያስጠላው ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲታጨቅበት ነው። ስለዚህ መርፌም ክርም ከማንሳትሽ በፊት ቀለም ምረጪ። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። የእኔ ቀይ፣ ነጭና የስንደዶ ቀለም ነው። ከዚያ ውጭ የሆነ ነገር ምንም ቢያምር አልሰቅለውም። ቀለሙ ከተስማማ ቁልፉም፣ ቁራጭ ጨርቁም፣ አሮጌው ሎቲም ሆነ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። እንግዳሽ «ከየት ገዛሽው?» ብሎ ይጠይቅሻል።

አሁን ወደ ሰልባጅ እንሂድ። እዚያ ስትገቢ የገና ጌጥ አትፈልጊ። ዕቃውን ፈልጊ። በድሬ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ሹራብ ማን ይለብሳል? ስለዚህ ሻጩ ጥግ ላይ ከምሮት ታገኚዋለሽ፣ ዋጋውም ደህና ነው። አንድ ቀይ ሹራብ ብቻ ብዙ ጌጥ ይወጣዋል። እጅጌውን ቆርጠሽ ትንንሽ ካልሲ ስፊበት። የቀረውን ተርትረሽ ክሩን አውጪ። ወረቀት ጨፍልቂና ልጆች ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ኳስ እንደሚሠሩት ክሩን እያዞርሽ ጠምጥሚበት። መጨረሻውን በመርፌ አስገብተሽ ቋጥሪው። ቀላል ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ከመስታወት በብዙ ይሻላል። የተተረተረው ክር ከተጨማደደ ውኃ ነክረሽ አንጠልጥይው፣ ሲደርቅ ይስተካከላል።

ሹራቡን ስትገዢ አንገቱንና ክንዱ ስር ያለውን ስፌት ገልብጠሽ እዪ። ዳርና ዳሩ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ሲተረተር አጭር አጭር ክር ነው የሚወጣው። ለካልሲ ይሆናል፣ ለኳስ ግን አይሆንም።

ዶቃ ያለበት አሮጌ የራት ልብስ ካገኘሽ አትለፊው። ዶቃውን ፈትተሽ በቀጭን ሽቦ ሰክተሽ ኮከብ ታደርጊዋለሽ። አንዱ የጠፋ ሎቲ ደግሞ መንጠቆ ስላለው ቀጥታ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቀላል። እኔ ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠይቄ ነው የሰበሰብኩት። በየመሳቢያው ተረስቶ የቀረ ስንት አለ መሰለሽ!

ልቤ ያለው ግን ነጠላው ላይ ነው። ያረጀ ነጠላ በየቤቱ አለ። ጨርቁ ሳስቶ ቢቀደድም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጥለቱን ከጨርቁ ጋር ሁለት ጣት ያህል አትርፈሽ ቁረጪውና ዳሩን አጥፈሽ ስፊ። ከዚያ ዛፉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠምጥሚው። ከሱቅ የሚገዛው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አጠገቡም አይደርስም። የእናትሽ ከሆነ ግን አስፈቅደሽ ቁረጪ፣ የእናት ነጠላ ሳይጠየቅ አይነካም። በረዶ ለማስመሰል በጥጥ ምትክ ደግሞ ባዘቶ ተጠቀሚ። የመድኃኒት ቤቱ ጥጥ ጥቅጥቅ ብሎ ይተኛል፣ ባዘቶ ግን ሳሳ ብሎ ቅርንጫፉ ላይ ያርፋል።

ቀፊራ ገበያ ስትወርጂ ስንደዶና በቀለም የተነከረ አለላ ጠይቂ። ስፌት ባትችዪም ስንደዶውን ውኃ ነክረሽ አለስልሺው፣ በቀይ ክር መሐሉን አስረሽ ኮከብ ይሆናል። የባቢሌ ለውዝም አትርሺ። ፍሬውን ብሉትና ቅርፊቱን በመርፌ በስታችሁ በክር ሰክታችሁ አንጠልጥሉት። ሐረር የምትሄጂበት ጉዳይ ካለሽ፣ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጎራ በይ። ልብስ ሰፊዎቹ ማሽኑ ስር የሚጥሉት ብጣሽ ጨርቅ አለ። በትሕትና ከጠየቅሽ ይሰጡሻል፣ ደማቅ ደማቅ ቀለም ነው። የስንደዶ ስፌት የሚሰፉ እናቶችን መዳፍ የምታህል ትንሽ ስፌት ካዘዝሽ ደግሞ ዛፉ ጫፍ ላይ በኮከብ ፋንታ ታስቀምጫታለሽ። ይቺን ግን የተጠየቅሽውን ክፈዪ፣ ዋጋ አትሰብሪ። የእጅ ሥራን እያደነቁ በዋጋው መከራከር ያሳዝነኛል።

የእንቁላል ቅርፊት ቀብቶ መስቀል የሚወዱ አሉ። ከፈለግሽ ከኅዳር 15 በፊት አጠራቅሚ። ከዚያ የነቢያት ጾም ነው፣ እስከ ገና እንቁላል ቤት ውስጥ አይሰበርም። ባዶ ቅርፊቱን በሳሙና ካላጠብሽው ይሸታል።

ከተማችን ሞቃት መሆኗን አስቢ። በኤሌክትሪክ የሚቀልጠው የሙጫ ዱላ ታኅሣሥ ላይ ጥሩ ይይዛል። ግን ጌጡ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ካርቶን ውስጥ ግንቦትና ሰኔን ሲያልፍ ሙጫው ይለሰልስና ዶቃው ይረግፋል። ስለዚህ የሚሰፋውን ስፊው፣ የሚታሰረውን እሰሪው። የግድ ማጣበቅ ካለብሽ ቪናቪል የሚባለው ነጭ ሙጫ ይሻላል፣ ሌሊቱን እንዲደርቅ ተዪው። ሻማ ቀልጦ የተሠራ ጌጥ ለድሬ አይሆንም።

መብራት ላይ ግን ቁጠባ አልመክርሽም። ያገለገለ የዛፍ መብራት አትግዢ። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ገመድና ባዘቶ አንድ ላይ እሳት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ ሶኬቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ግድግዳ ላይ አይሰካም፣ የእኛ 220 ነው። ስትተኚም ንቀዪው።

ልጆቹ ያፍራሉ ያልሽውን እኔ በቤቴ አላየሁትም። ክሩን ራሳቸው የጠመጠሙት ኳስ ሲሆን እንግዳውን ጎትተው ወስደው «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት» ነው የሚሉት። ቅዳሜ ከሰዓት ምንጣፍ አንጥፊና የጎረቤት ልጆችንም ጥሪ። እኛ ግቢ እስላም ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው፣ ከሁሉም ቆንጆ ኮከብ የምትሠራልኝ ደግሞ የጓደኛዬ የሐሊማ ልጅ ናት። መርፌውን ግን አንቺ ያዢ፣ ለልጆቹ ክርና ወረቀት ይበቃቸዋል። ቆርኪም በብዛት ሰብስቢላቸው፣ በጨርቅ መሸፈን ይወዳሉ።

ከአስተያየት ሰጪዎቹ አንዳንዶች «ዛፉ ራሱ የኛ ባህል አይደለም» ብለዋል። እሱን እያንዳንዱ ቤት ይወስን። ዛፍ ለሌላችሁ ግን የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ጀሶ ቀብታችሁ በድንጋይ የተሞላ ጣሳ ውስጥ ትከሉ። እሾሁ ራሱ መስቀያ ነው። ትንንሽ ልጅ ካለ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ።

የዛፍሽን ቁመትና የመረጥሽውን ቀለም ጻፊልኝ። ስንት ሹራብ እንደሚበቃሽና ጥለቱ ምን ያህል መርዘም እንዳለበት እነግርሻለሁ። የሚተርፍ ቀይ ክር እኔም ጋ አለ፣ ከዚራ ብቅ ካልሽ ውሰጂ።