የአንባቢያን ጥያቄ፦ አይድል ላይ ያለ ጄት ሞተር

ጥያቄ፦ ቦይንግ 737 ቦሌ ሊያርፍ ሲል፣ ፍላፖቹ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጉት ሰሌዳዎች) እንደወጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል። እየወረደ ለምን ኃይል ይጨመርለታል?

መልስ፦ ፍላፕ አውሮፕላኑን ወደኋላ ስለሚይዘው አብራሪው ስሮትል (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረውን ማንሻ) ይጨምራል። ሌላው ጭማሪ ግን የሰው እጅ የለበትም። በ737-800 ላይ ያለው ሲኤፍኤም 56-7ቢ ሞተር የመሬት፣ የበረራና የአቀራረብ የሚባሉ ሦስት አይድሎች (ስሮትሉ ታች ድረስ ሲሳብ ሞተሩ የሚዞርባቸው ዝቅተኛ ፍጥነቶች) አሉት። ፍላፕ የማረፊያ ቦታውን ሲይዝ ወይም የሞተሩ በረዶ መከላከያ ሲበራ፣ ስሮትሉ ታች ድረስ ተስቦ ቢሆን እንኳ ኮምፒውተሩ ዙሩን ወደ አቀራረብ አይድል ከፍ ያደርገዋል።

ይህ የሚደረገው ማረፉ ቢሰረዝ ሞተሩ ቶሎ እንዲነሣ ነው። ነዳጅ ባንዴ ቢለቀቅ የማቃጠያው ግፊት ይንራል፣ ገና በዝግታ የሚዞረው ኮምፕረሰር (አየር አምቆ ወደ ማቃጠያው የሚገፋው ክፍል) አየሩን መግፋት ያቅተዋል፣ አየሩም ወደኋላ ይመለሳል። ሰርጅ የሚባለው ይኸው ነው፤ እንደ ጥይት ይጮኻል፣ የተርባይኑም ሙቀት ይተኮሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በልክ ይለቃል፤ ከሁሉ የሚዘገየውም የመጀመሪያው ጭማሪ ነው። የአሜሪካ ደንብ ከበረራ አይድል እስከ 95 በመቶ የመነሻ ኃይል ድረስ የሚፈቅደው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፈረንሳይ ሀብስሃይም ላይ ዝቅ ብሎ ትርኢት ያሳይ የነበረ ኤርባስ 320፣ ሞተሮቹ በበረራ አይድል ላይ ሳሉ ስሮትሉ ዘግይቶ ተገፋ፤ ዛፎቹ ቀደሙት፣ 3 ሰዎችም ሞቱ።

ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። የሞተሩ ተሽከርካሪ አካል ክብደት አይቀንስም፤ የሚያዞረው አየር ግን ሳስቷል፤ ስለዚህ ሞተሩ ለመነሣት ይበልጥ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ መተው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። አውሮፕላኑ አልወርድ ይላል፣ መሬት ላይም ራሱ እየፈጠነ ፍሬን ይበላል። ጎማው መሬት ከነካ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ወደ መሬት አይድል የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በድሮው ጄቲ8ዲ ሞተር አይድልን በብሎን ስናስተካክል ምን እንጠንቀቅ? (የጥገና ተማሪ)

መልስ፦ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ነፋስ ይዙር፣ የኤር ብሊድ (ከሞተሩ ለሌላ ሥራ የሚወሰደው አየር) ይዘጋ፣ ሞተሩም በደንብ ይሙቅ። የቦታውን ሙቀትና የአየር ግፊት ለክታችሁ ዒላማውን ከሠንጠረዥ አውጡ። የብሎኑ የመጨረሻ ዙር ምንጊዜም ወደ መጨመር ይሁን፤ ካለፋችሁት ከዒላማው በታች መልሳችሁ እንደገና ውጡ፣ አለዚያ የመገጣጠሚያው ሉዝ (ልቅነት) ያታልላችኋል። ከዚያ ስሮትሉን ገፍታችሁ መልሱና ያው ቁጥር መምጣቱን እዩ። አይድሉ ልክ ሆኖ አነሣሡ ከዘገየ ግን ብሎኑን አትንኩ። በእኛ ግምት መጀመሪያ መታየት ያለበት የማቃጠያውን ግፊት ለነዳጅ መቆጣጠሪያው የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ነው። መገጣጠሚያው ካስተነፈሰ መቆጣጠሪያው ግፊቱን አሳንሶ ያነባል፣ ነዳጁንም ይቆጥባል።