እሑድስ ምን አመጣው?

«በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሦስት ጊዜ ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው የምሞት መስሎኝ ነበር። አንዴ ባንክ ለቃለ መጠይቅ ተራ ስጠብቅ፣ አንዴ ለጽሑፍ ፈተና ስሄድ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ እሑድ ቤታችን። ሐኪም ልቤን መርምሮ ፓኒክ አታክ (ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት) ነው አለኝ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ትላለች። ለሐሙስ ሌላ ባንክ ጠርቶኛል፤ ቀርቼ የአጎቴን ሱቅ ሒሳብ ብይዝ አይሻልም?»

እህቴ፣ ዓይኔ ያረፈው እሑዷ ላይ ነው። እሑድ ፈታኝ የለም፣ «እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚል ሰው የለም። ጥፋተኛው ቃለ መጠይቁ ብቻ ቢሆን ቤታችሁ ድረስ ምን አመጣው? ሙያ ከመቀየርሽ በፊት ከእያንዳንዱ ቀድሞ የነበሩትን ሰዓታት እንይ። በስልክ የነገርሽኝን እዚህ የማነሳው ሌላውም እንዲጠቀምበት ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ለማባረር ቡና እየደጋገምሽ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አጥንተሻል። ካፌይን ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ። ቁርስ ሳትበዪ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ልብሽ አስቀድሞም እየሮጠ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የማስረጃሽ ፕላስቲክ መዳፍሽ ላይ ተጣበቀ። «አላበኝ፣ ያዩኛል» አልሽ። ትንፋሽሽ ፈጠነ፤ ትንፋሽ ሲፈጥን ደም ውስጥ ያለው ካርቦንዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። አንቺ ግን መደንዘዙን የሞት ምልክት አድርገሽ ወሰድሽው፤ እሳቱ ላይ ጋዝ የጨመረው ይኸው ነው።

ታክሲው ውስጥ ቡና አልነበረም፤ ጾም ስለነበር እህልም አልቀመስሽም። የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆናችሁ ተጣብቃችሁ፣ አንዲት እናት «ብርድ መታን» ብለው መስኮቱን አዘጉት። (የእኛ ሰው ታክሲ ውስጥ ንፋስ ከሚገባ ቢታፈን ይመርጣል።) ሙቀቱ፣ ባዶ ሆዱና የእንቅልፍ እጦቱ እንዳሉ ሆነው፣ ከሁሉም የባሰው ግን «እንደ ባለፈው ቢመጣብኝስ?» የሚለው ነው። አንዴ የደረሰበትን ሰው ከዚያ ወዲያ የሚቀሰቅስበት ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን መፍራቱ ነው።

እሑድ ደግሞ አቦል ጠጥተሽ ቶና ላይ ነበርሽ። ጎረቤታችሁ «ሥራስ አገኘሽ?» አሉሽ። ስኒው ይሁን ጥያቄው፣ ከአንድ ቀን ተነስተን አንፈርድም። ለዚህ ነው ደብተር ያዢ የምልሽ። በመጣብሽ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ የበላሽውንና የጠጣሽውን፣ የወር አበባሽ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ በአእምሮሽ ያለፈችውን ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ጫት የሚቅሙ ካላችሁ ያም ይጻፍ፤ እሱም ልብ ያስሮጣል። ቡና ጠጥተሽ ምንም ያልሆንሽባቸውን ቀናትም መዝግቢ፤ አለዚያ ቡናን ያለ ምስክር ትፈርጂበታለሽ። ምንም ምክንያት የማታገኚለትም ይኖራል። ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚመጣበት ሰው አለ፤ ያኔ ባዶውን ተዪው።

ሐኪምሽን ስለ ታይሮይድና ስለ ደም ማነስ ጠይቂው፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ ፓኒክ ይመስላሉ። መመላለሱ ከቀጠለ ለዚህ የሚሆን የንግግር ሕክምና አለ፣ ይሠራልም። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው፤ አንቺ አትሽሺ። እናትሽ ጸበል ካሉሽም ሂጂ፣ ደብተሩን ግን ይዘሽ።

አሁን ወደ ሱቁ። ቀስቃሹን የምንፈልገው ከሁሉም እንድትሸሺ አይደለም። የሌሊቱን ቡና ተዪ፣ ተኚ፣ ብዪ። ታክሲውን፣ ሊፍቱን፣ ቃለ መጠይቁን ግን አትተዪ። ሐሙስ ብትቀሪ ወዲያው እፎይ ትያለሽ፤ ያ እፎይታ ነው ፍርሃቱን «ልክ ነበርሽ» የሚለው። ቀጥሎ ታክሲው፣ ከዚያ የጎረቤት ቡና ይቀራል።

ረቡዕ ሄደሽ ሕንፃውን እዪው፣ ደረጃውን ውጪ፣ ተራ መጠበቂያው ካስገቡሽ ትንሽ ተቀመጪ። ሐሙስ ቢመጣብሽ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ደርሶ መውረድ ይጀምራል፤ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አስወጪ። ክፍሉ ውስጥ ከሆንሽ «ይቅርታ፣ ውሃ ልጠጣ» በይ። እኔ ቀጣሪዎች ጎን ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ላብ ነጥብ ሲጻፍ አላየሁም። የሚጻፈው የንብረት እርጅና ቅናሽ ሒሳብ አሠራር መቻልሽና አለመቻልሽ ነው።

የአጎትሽ ሱቅ ከሐሙስ በኋላም አለ። ሥራውን ወደሽው ከሆነ ያኔ እናወራለን። ሐሙስ ማታ ደውዪልኝና ከደብተሩ አንብቢልኝ፤ ቁርስሽን ጭምር።