አሊሰም ለምታፈሉ ልጆች

ልጆቼ፣

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ግቢዎች አንዱ «ያችን መሬት ላይ የምትነጠፍ፣ ማር ማር የምትሸት ነጭ አበባ» ብሎ ከጠየቃችሁ የሚፈልገው አሊሰም ነው። የሳይንስ ስሟ ሎቡላሪያ ማሪቲማ ነው፤ ማሪቲማ በላቲን «የባሕር» ማለት ነው። አገሯ የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ አሸዋና ድንጋይ ላይ ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትሞተው ውኃና ፍግ በዝቶባት ነው።

ጊዜውን አትሳቱ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አበባ ታቆማለች። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ጥቅምት አጋማሽ እስኪደርስ አትዝሩ። ሐረር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ዝናቡ ሲቀንስ መስከረም ላይ መጀመር ይቻላል።

አፈሩ ሁለት እጅ፣ አሸዋ አንድ እጅ፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ አንድ እጅ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ቅርብ ነው፤ ግን ባልዲ ውስጥ ውኃው እስኪጠራ እጠቡት። ደለሉ ከቀረ ላዩ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅና ውኃ ያቁራል።

ዘሯ ጤፍን ታክላለች። አንድ ቁንጥር ዘር ከሁለት ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ጫን አድርጉ፣ አፈር አታልብሱ፤ ለመብቀል ብርሃን ትሻለች። የዘራችሁበትን ሳጥን ጣት በሚያህል ውኃ ውስጥ አስቀምጡና ላዩ ሲረጥብ አውጡ። ከ8 እስከ 14 ቀን ትበቅላለች።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ችግኟ ወድቃ ቅጠሏ ግን አረንጓዴ ከሆነ፣ ጀማሪ ሁሉ «ጠምቷት ነው» ብሎ ያጠጣል። ግንዷ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ተመልከቱ፦ እንደ ክር ቀጥኖ ቡናማ ከሆነ ሻጋታ ነው፣ ያ ውኃም የቀሩትን ይጨርሳል። የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጡ፣ ሳጥኑን ነፋስ ያግኘው፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ብቻ አጠጡ።

አራት ቅጠል ስታወጣ 15 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። ፍግ ከበዛ ቅጠል ብቻ ታወጣለች። የመጀመሪያው አበባ ሲጠወልግ ሲሶውን በመቀስ ቁረጡ፤ በጥቂት ሳምንት ታድሳለች። ከጎመን ወገን ስለሆነች ዘላይ ጥንዚዛ ቅጠሏን ይበሳባታል፤ በሌላ በኩል አበባዋ የሚስበው ዝንብ ልጆቹ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ይበላሉ፣ ስለዚህ ከቲማቲም መደብ ዳር ብትተከል አልቃወምም።

ስትሸጡ ያላበበችውን፣ እምቡጥ የያዘችውን ስጡ። ሙሉ ያበበችው ዓይን ትስባለች፣ ግን ሥሯ ጠባብ ማሰሮ ውስጥ ተጠምጥሞ ስለሚቆይ ደንበኛው ግቢ ስትደርስ ቶሎ ትደርቃለች፣ ቅሬታውም እናንተ ጋ ይመጣል።