የቀዛፊው ጭንቅላት ከጥቁሩ ሥር አለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የእህቴን ሠርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ሙሽሮቹን ጣና ዳር ወስደን ታንኳ ላይ አነሳኋቸው። ሲኒማ እንዲመስል ብዬ በቪዲዮ ማቀናበሪያው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ከላይና ከታች ጥቁር አደረግሁበት። ቴሌቪዥን ላይ ቆንጆ ነበር። ስልክ ላይ ስናየው ግን በአራቱም በኩል ጠቁሮ ሙሽሮቹ መሀል ላይ ኩርምት አሉ። የቀዛፊው ጭንቅላትም ተቆርጧል። የእናትና አባቴን የሠርግ ካሴት መግቢያው ላይ ላስገባ ስል ደግሞ ሰው ሁሉ ወፈረብኝ። ምን ይሻለኛል?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አይዞሽ፣ የጠፋ ነገር የለም። የቀዛፊው ጭንቅላት ከጥቁሩ ሥር ነው ያለው።

መጀመሪያ ጥቁሩ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን ሰውን ቤት ሲያስቀርባቸው፣ ፊልም ሠሪዎቹ ሳሎን ውስጥ የማይገኝ ሰፊ ስክሪን ይዘው መጡ። ሲኒማስኮፕ የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ሌንሱ ምስሉን ከጎንና ከጎን ጨምቆ ይቀርጻል፤ ፕሮጀክተሩ መልሶ ይዘረጋዋል። ያ ሰፊ ፊልም ኋላ ጠባቡ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ከላይና ከታች ቦታ ተረፈ። ጥቁሩ ያ ትርፍ ቦታ ነው። አንቺም የምትፈልጊው ስፋቱን ከሆነ ጥቁሩን ፋይሉ ላይ አትቀቢው።

ስልኩ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፋይልሽ ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል ነው፤ 16 ለ 9 የምንለው። አውትፑት ብላንኪንግ በሚባለው ጠርዝ ማጥቆሪያ ላይ 2.39 (ወርዱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ) ስትመርጪ ከላይ 138፣ ከታች 138 ፒክስል ጠቆረ። ከቁመቱ ሩብ ያህሉ ሄደ። የአሁን ስልኮች ብዙዎቹ ደግሞ ወደ 20 ለ 9 የተጠጉ ናቸው፤ ከፋይልሽ ይሰፋሉ። ስልኩ ያንቺን ጥቁር ከምስሉ ቆጠረውና ከግራና ከቀኝ የራሱን ጨመረበት።

ብላንኪንጉን አጥፊው። ክሊፖቹን የደረደርሽበትን የታይምላይኑን ሪዞሉሽን (የምስሉን መጠን) 1920 በ804 አድርጊ። መጠኑ ለማይገጥም ክሊፕ «ስኬል ፉል ፍሬም ዊዝ ክሮፕ» የሚለውን ምረጪ፤ አለዚያ ምስሉ ያንስና ጎንና ጎኑ ይጠቁራል። ከዚያ ኢንስፔክተር በሚባለው የማስተካከያ ሰሌዳ ውስጥ ፖዚሽን ዋይን፣ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰውን፣ እየነካካሽ ምስሉን ዝቅ አድርጊው። ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፤ የሚቀነሰው ከሥር ያለው ውሃ ነው። ስታወጪውም በዚያው በ1920 በ804 አውጪ። ቴሌቪዥኑ ጥቁሩን ራሱ ያመጣዋል። ስልክ ላይ ደግሞ ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፤ ከላይና ከታች ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚቀረው።

እኔ ብሆን ግን ይህን ሠርግ በ16 ለ 9 እተወዋለሁ። ምክንያቴ ታንኳው ነው። የደንገሉ አፍንጫ ሽቅብ ቀና ያለ ነው። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ሲያነሳ ጫፉ ከራሱ በላይ ይሄዳል፤ ውሃውም ከዚያ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በቅርብ ስላነሳሻቸው፣ ጭንቅላቱን ስታድኚ ያ ጫፍ ይቀርብሻል። ሰፊ ፍሬም የሚያምረው ራቅ ስትይ ነው። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ የዘጌ ደን ከአድማስ ላይ እንደ ክር ተስሎ፣ ታንኳዋ ጥግ ይዛ ስትሄድ! ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቢ ግን የመቅደሱ ሥዕሎች ከላይ እስከ ታች የተደራረቡ ናቸው። እዚያ 2.39 ይጠብሻል።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ስለሚቆጨኝ ነው። ከዓመታት በፊት ጢስ ዓባይን በክረምት፣ ሞልቶ ሲወርድ ቀረጽኩ። ጥቁር የተቀባውን ፋይል አስቀምጬ ዋናውን አጠፋሁት። ውሃው ገደሉን የሚለቅበት ጠርዝ ጥቁሩ ውስጥ ቀረ፤ ዛሬ ማንም አያወጣውም። እባክሽ የሠርጉን ዋና ቅጂ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሪው።

ካሴቱ 4 ለ 3 ነው። ወደ 16 ለ 9 ስትለጥጪው ወርዱ በሲሶ ይጨምራል፤ እናትሽ የወፈሩት ለዚህ ነው። ቁመቱን 1080፣ ወርዱን 1440 አድርገሽ መሀል ላይ አስቀምጪው። በየጎኑ 240 ፒክስል ጥቁር ይቀራል፤ ይቅር። ጎኑን በደበዘዘ ቅጂ የሚሞሉ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ዓይን ከእናትሽ ፊት ወደ ዳር ይሸሻል።

ቀጣዩን ሥራሽን ሰፊ ለማድረግ ካሰብሽ፣ ከቤት ሳትወጪ የካሜራሽን ስክሪን ከላይ ከስምንት አንዱን፣ ከታችም ከስምንት አንዱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚው። ቀዛፊው ቀና ሲል ፕላስተሩ ሥር መግባት አለመግባቱን እዚያው ውሃው ላይ ታዪዋለሽ።