የኪት ጊታር ባሕር ዳር ላይ፦ ከቀለሙ በፊት አንገቱ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ከውጭ የተላከልህን የስትራት ዓይነት ኪት (ራስህ የምትገጣጥመው የኤሌክትሪክ ጊታር) ክረምቱ ሳይገባ አንጸባራቂ ቀይ ለመቀባት የጣሳ ስፕሬይ ይሻላል ወይስ ጋራዥ መውሰድ ነው የሚለውን ነው። ሁለቱም ያስኬዳል። ቀለሙን ግን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ጊታሩን ሳትቀባ ሙሉ በሙሉ ግጠመው። ቀለሙ የተበላሸ ጊታር ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ አንገቱ ወይም ብሪጁ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት ብረት) ያለ ቦታው የገባ ግን የቱንም ያህል ቢያምር አይቃኝም።

አንገቱን ቦዲው ላይ ባለው ማረፊያ አስገብተህ በአራቱ ብሎኖች ለጊዜው እሰረው። ሁለት የስፌት ክር ወስደህ አንዱን በወፍራሙ፣ ሌላውን በቀጭኑ የጊታር ክር መስመር ከነቱ (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ ብሪጁ ወጥር። መጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች የመጨረሻው) ላይ ሁለቱም ከአንገቱ ጠርዝ እኩል መራቅ አለባቸው። አንዱ ወደ ጠርዙ ካደላ ብሎኖቹን ላላ አድርገህ አንገቱን ወደ ጎን መግፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ማረፊያው ውስጥ የቀረ የፋብሪካ ቀለም ወይም የኮላ ጉብታ ይኖራል፣ እሱን ፋቅ። ማረፊያውን በሞረድ ለማስፋት አትቸኩል፤ አንዴ ከሰፋ አንገቱ ሁልጊዜ ይወዛወዝብሃል።

ቀጥሎ ልኬት ነው። የዚህ ዓይነት ጊታር የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው፦ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት 324፣ ከዚያ እስከ ቀጭኑ ክር ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ተንቀሳቃሽ ቁራጭ) ሌላ 324። ቀጭኑ ሳድል እዚህ ልክ ላይ ሲያርፍ ከኋላው የሚሄድበት ቦታ መቅረት አለበት፤ የወፍራሙ ክር ሳድል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መራቁ አይቀርምና። የብሪጁ ቀዳዳ ፋብሪካ ተበስቶ ቢመጣም አትመን፣ ለካ። ከሳተ ቀዳዳውን በጠንካራ እንጨትና በኮላ ደፍነህ አሳድረውና እንደገና ብሳ።

አንገቱ ሜፕል ከሆነ ጠንካራ ነው፤ ቀዳዳ ሳይበሳ ብሎን ካስገደድህ ብሎኑ ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። ለአንገቱ ብሎኖች 3 ሚሊ፣ ለመቃኛዎቹ ትንንሽ ብሎኖች 1.5 ሚሊ ብሳ፤ መብሻው ላይ የጥልቀቱን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርግበት። ብሎኑን በጧፍ ቁራጭ እሸው፣ እየተንሸራተተ ይገባል። ሳሙና ግን እርጥበት ስለሚስብ ብሎኑን ያዝገዋል። የአንገቱ ራስ ያልተቀረጸ ሳንቃ ሆኖ ከመጣም መቅረጹን አሁን ጨርስ።

ሁሉም ከገጠመ ፈትተህ ወደ ቀለሙ ሂድ። እስከ ግንቦት አጋማሽ የማትጨርሰው ከሆነ መርጨቱን ለጥቅምት አቆየው፤ ክረምቱን በፍሬቱና በሽቦው ሥራ አሳልፍ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ላከር (ቲነሩ ሲተን የሚደርቀው ቀለም) ውስጥ ያለው ቲነር ቶሎ ሲተን የቀለሙን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እዚያው ጤዛ ሆኖ ያርፍና ውስጥ ይታሰራል። ቀዩ ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ደመና ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ በተለይ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች፣ ይህን ማምለጥ ከባድ ነው። ደመናው ከወጣ በላዩ ላይ ቀለም አትደርብ፤ ደረቅና ፀሐያማ ቀን ጠብቀህ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ እርጭበት፣ ላከሩ ሲላላ እርጥበቱ ይወጣል። በበጋም ቢሆን ረፋድ ላይ እርጭ። ሲመሽ መብራት አብርተህ ከረጨህ ትንኙ ሁሉ እርጥብ ቀለምህ ላይ ይለጠፋል። ለማድረቅም በቀጥታ ፀሐይ ላይ አትስቀለው፤ ገጹ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር የቀረው ቲነር አረፋ ይሠራል።

እንጨቱን በቁጥር 180፣ 240፣ 320 ብርጭቆ ወረቀት በተራ እሸው። ከ240 በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፤ የተኛው የእንጨቱ ቃጫ ይነሣል፣ ሲደርቅ 320 ያጠፋዋል። የኮላ ጠብታ የነካው ቦታ ቲነር ሲነካው ፈዞ ስለሚለይ ያኔ ፋቀው። ሲለር (እንጨቱን የሚደፍን የመጀመሪያ ቅብ) ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ቀዩን በስሱ ሦስት አራት ጊዜ፣ በላዩ ላይ ክሊር (ቀለም የሌለው ላከር) ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ። ጣሳውን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አርቅ፤ መርጨት ከቦዲው ውጭ ጀምረህ ከቦዲው ውጭ ጨርስ። የአንገቱን ማረፊያና የአንገቱን ሥር በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ እዚያ የገባ ቀለም አንገቱን ያዘነብለዋል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሳይደርቅ በውኃ ማሸት አትጀምር። ሲደርቅ 1000፣ 1500፣ 2000 እያልህ ሂድ፣ ጠርዞቹን ግን አትንካ፤ ቀለሙ እዚያ ስስ ስለሆነ ባንድ እሸታ እንጨቱ ይወጣል።

ጋራዥ ከመረጥህ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በጠዋት መፍሰሱን ቆመህ አረጋግጥ። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት የመኪና ቀለም ቶሎ ይጠነክራል፤ ጭሱ ግን ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው፣ ተራ የአቧራ ጭንብል አይከላከለውም። የሚረጨው ባለሙያው ይሁን።

ሽቦው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ ከብሪጁ ወደ ፖቱ (ድምፅ ማስተካከያው) ጀርባ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ። ከተረሳ ጊታሩ ይጮኻል፣ ክሩን ስትነካም ጩኸቱ አይቀንስም። የፖቱን ጀርባ ለመበየድ ከ40 እስከ 60 ዋት መበየጃ ያስፈልጋል፤ ደካማው ብዙ ስለሚቆይ ፖቱን ያቃጥለዋል። ከመዝጋትህ በፊት ቮልዩሙን ከፍተህ በመልቲሜትር ጃኩን (የኬብሉን መሰኪያ) ለካ፤ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ባብዛኛው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም ያሳያል። መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት የለም ካለ (OL) ሽቦ ተቆርጧል፣ ዜሮ ካሳየ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። ክሩ ከአምፑ ግራውንድ ጋር ስለሚገናኝ የቤትህ ሶኬት የመሬት ሽቦ እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሽ።

ውፍረቱ 10–46 የተባለ ክር ግጠምና ቃኘው፣ ከዚያ ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) በሩብ ዙር ብቻ እያዞርህ፣ ክሩን መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ስትጫነው 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.2 ሚሊ ያህል ክፍተት ተው። 12ኛው ፍሬት ላይ የቀጭኑ ክር ከፍታ 1.6፣ የወፍራሙ 2 ሚሊ ይሁን። የሳድሉን ቦታ መጨረሻ ላይ አስተካክል፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ የምትመታው ድምፅ ከክፍቱ ኦክታቭ ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። አዲስ ክር እየተለጠጠ ስለሚወርድ በእጅህ ሳብ ሳብ አድርገህ ደጋግመህ ቃኘው፤ ቃናው ሳይረጋ ሳድል ማንቀሳቀስ ያው ድካም ነው።